ሳይፈጸም የተገለጠ ሥራ

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል፣ እኔ ከምኖርበት ብሎክ ምድር ቤት፣ ለሱቅ ተብሎ በተሠራ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ቴሌቪዥንና አምስት የፕላስቲክ ወንበር ይዞ የተከፈተ ጌም ቤት አለ። የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ በዚያች ክፍል በር ላይ ተራ ይይዛሉ፤ የተሸነፈው ይነሣል፣ ያሸነፈው እንደ ተቀመጠ ይቀጥላል፤ ጆይስቲኩም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ከመክረሙ የተነሣ በቁልፎቹ ላይ የነበረው ምልክት ሁሉ ተፍቆ ጠፍቷል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኖቹ ጨልመው፣ ልጆቹ ግን ሳይበተኑ በአንዲት ስልክ ዙሪያ ራስ ለራስ ገጥመው አገኘኋቸው። ምን እንደሚያዩ ብጠይቅ፣ ከመካከላቸው ከፍ ያለው፣ «ጋሼ፣ ገና ያልወጣ ጌም ነው፤ ሾልኮ ነው የወጣው» አለና ስልኩን ወደ እኔ አዞረልኝ። አንድ ሰው በመንገድ ላይ ሲራመድ ይታያል፤ ነገር ግን በምስሉ ዳርና ዳር ለሠሪዎቹ ብቻ የሚጠቅም ጽሕፈትና ቁጥር ተደርድሯል፤ አንዳንዱም ዕቃ ገና ቀለም ሳያገኝ ግራጫ ሆኖ ቆሟል። ከትንንሾቹ አንዱ፣ «ይኼ ነው እንዴ? ያስጠላል!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ሳቁ።

ዳቦዬን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጆቹን የምወቅስበት ነገር የለኝም፤ ዓይናቸው ያየውን ተናገሩ። ሆኖም የሳቁበት ነገር ብዙ ሰዎች ለዓመታት የደከሙበት፣ ሠሪዎቹም «ተፈጸመ፤ እነሆ» ብለው ገና ለሰው ያልሰጡት ሥራ መሆኑን ሳስበው፣ ያልወጣ ጌም ሾልኮ በመውጣቱ በእውነት የሚጎዳ ሰው አለን? የሚለው ጥያቄ ከኅሊናዬ ጋር ሲሟገት አመሸ። ብዙዎች የለም ይላሉ፤ ኩባንያዎቹ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያንቀሳቅሱ ናቸውና ዓባይን በጭልፋ ቢቀዱት አይጎድልም ይላሉ። እኔ ጉዳት አለ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ጉዳቱ ኩባንያዎቹ አብዝተው በሚጮኹበት ስፍራ፣ ማለት በሽያጩ ላይ፣ የሚገኝ አይመስለኝም።

ልጆቹ ያዩት «ሮክስታር» የተባለው ኩባንያ የሚያዘጋጀውን የ«ግራንድ ቴፍት ኦቶ» ስድስተኛ ክፍል ነበር። መስከረም 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ 90 የሚጠጉ ያልተፈጸሙ ተንቀሳቃሽ ምስሎቹ ለዓለም ሁሉ ተበተኑ። ይህን ያደረገው የኦክስፎርድ ከተማ ነዋሪ የሆነ የ17 ዓመት ብላቴና ሲሆን፣ አስቀድሞ በተመሳሳይ ጉዳይ ተከሶ በዋስ ተለቆ፣ ኮምፒውተሩ ተወስዶበት በአንድ ሆቴል ውስጥ በጥበቃ ሥር ሳለ፣ በክፍሉ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በምትሰካ ትንሽ መሣሪያና በአንድ ስልክ ብቻ ወደ ኩባንያው የውስጥ መዝገብ ዘልቆ እንደ ገባ በችሎት ተነገረ። ኩባንያው ከደረሰበት ነገር ለማገገም 5 ሚሊዮን ዶላርና በብዙ ሺህ የሚቆጠር የሠራተኛ ሰዓት እንዳወጣ ለፍርድ ቤቱ አስታወቀ። ልጁ ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ ለክርክር ለመቆም አልበቃም ተብሎ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጊዜ ባልተወሰነለት ትእዛዝ በሆስፒታል ተጠብቆ እንዲቆይ ተፈረደ። ያን የመሰለ የአእምሮ ስጦታ በዚያ መንገድ አልቆ ማየትም ከጉዳቱ እንደ አንዱ ሊቆጠር የሚገባው ነው፤ እርሱን ሳስብ ከቁጣ ይልቅ ኀዘን ይቀድመኛል።

ወደ ሽያጩ ስንመጣ ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ምስሎቹ ከተበተኑ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ የዚያው ጌም ማስታወቂያ ከቀጠሮው ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ ሾልኮ ሲወጣ፣ ኩባንያው ራሱ ወዲያው ለቀቀውና በአንድ ቀን ውስጥ ከ90 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። የጃፓኑ «ኒንቴንዶ» ያዘጋጀው አዲሱ የ«ዜልዳ» ጌም ግንቦት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ለገበያ ከመዋሉ ከዐሥር ቀን በፊት ገደማ ተሰርቆ ተሠራጭቶ ነበር፤ ኩባንያው ባቀረበው ክስ ላይ ጌሙ ከመውጣቱ አስቀድሞ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ መቀዳቱን ገልጿል። ያም ሆኖ ጌሙ በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። የ«ዘ ላስት ኦፍ አስ» ሁለተኛ ክፍልም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ታሪኩ እስከ ፍጻሜው ተዘርግፎ እያለ፣ በሰኔ ወር በወጣ በሦስት ቀን 4 ሚሊዮን ተሸጧል። እንግዲህ ጉዳትን በገንዘብ ሚዛን ብቻ የሚመዝን ሰው፣ እነዚህን ቁጥሮች አይቶ «የተጎዳ የለም» ቢል፣ በያዘው ሚዛን ትክክል ነው፤ እኔ የምጣላው ከሚዛኑ ጋር ነው።

በዚያ በመስከረም 2015 የሆነውን እንመልከት። ምስሎቹ እንደ ተበተኑ፣ ጌም እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ሁሉ ፈራጅ ሆኖ ተነሣ፤ ከእነርሱም አንዱ የጌም ሥዕሉ መጀመሪያ የሚያልቀው ነገር ነውና ይህ ከሆነ ጌሙም ይኸው ነው ብሎ በድፍረት አስተማረ። ያን ጊዜ ሙያው የሚያውቀው እውነት ተቃራኒ ስለ ነበረ፣ የሌሎች ኩባንያዎች ሠራተኞች አንድ የሚያስመሰግን ነገር አደረጉ፤ የተደነቁላቸውና የተሸለሙባቸው ጌሞች፣ ለምሳሌ «ኮንትሮል» የተባለው፣ ገና በጅምር ሳሉ የነበራቸውን መልክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ዕቃው ሣጥን ብቻ ሆኖ ሳለ የተቀረጸውን፣ በፈቃዳቸው አውጥተው ለሕዝብ አሳዩ። ራሳቸውን ገልጠው የባልንጀራቸውን ዕርቃን መሸፈናቸው ነበር። ለእኛ ለኮዬ ፈጬ ሰዎች ነገሩ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ብረቱ ከዓምዱ ጫፍ ወጥቶ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫው ገና ሳይፈርስ የቆመ ብሎክ አይተን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ በዚያ ጊዜ መጥቶ «ይህ ቤት መስኮት የለውም» ብሎ የሚስቅ መንገደኛ ቢኖር፣ ግንበኛው ምን ብሎ ይመልስለታል?

ይህ የሠሪ መብት፣ ማለት ሥራውን በራሱ ጊዜና በራሱ አንደበት ለሰው የመግለጥ መብት፣ ከባሕር ማዶ የምንበደረው ነገር አይደለም። የቅኔ ቤት ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ተማሪው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከጉባኤው ተለይቶ ወደ ዱር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይሄዳል፤ ብቻውን ተቀምጦ ቤቱን ይቆጥራል፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል፣ የሠራውን ያፈርሳል፣ እንደ ገና ይሠራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፣ መምህሩም ያርሙለታል። ያ በዛፍ ሥር ያለው ሰዓት የተማሪው ብቻ ነው። ቤቱ ያልመታ፣ ምስጢሩ ያልሰመረ ጅምር በአፉ ሲያመላልስ ከቁጥቋጦ በስተጀርባ ተደብቆ ሰምቶ፣ ያን ጎዶሎ ቅኔ በማኅሌት ፊት በተማሪው ስም የሚያሰማ ሰው ቢገኝ፣ ከተማሪው አንዲት ሳንቲም አልወሰደም፤ ነገር ግን የዚያን ልጅ ፊት በሊቃውንት ፊት ለዘመናት የሚያጠቁር ሥራ ሠራ። አበው ቅኔን «ዘረፈ» ሲሉ አመሰጠረ፣ ከልቡ አፈለቀ ማለታቸው ነው፤ ቅኔ በባለቤቱ አንደበት ይዘረፋል እንጂ በሌላ ሰው አይሰረቅም። የብራና ጸሐፊውም እንዲሁ ነው፤ የጻፈው መጽሐፍ በሊቅ ተነብቦ ሳይታረም፣ የጎደለው ፊደል ሳይሞላ ለንባብ አይቀርብም፤ ሳይታረም የወጣ መጽሐፍ ስሕተቱን ይዞ ከገዳም ወደ ገዳም እየተገለበጠ ይኖራልና።

ሥራን አስቀድሞ የሚያወጡት ሰዎች ጠላቶች ብቻ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ ነበር። ልቤን ከሁሉ የሚነካው የ«ሐፍ ላይፍ» ሁለተኛ ክፍል ታሪክ ነው። ይህ ጌም በመስከረም 1996 ዓ.ም. ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አክሴል ጌምቤ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት በኢንተርኔት ወደ «ቫልቭ» ኩባንያ ኮምፒውተሮች ገብቶ የጌሙን ዋና ኮድ ቀዳ፤ ኮዱም ከእርሱ እጅ አልፎ በዓለም ተበተነ። ወጣቱ ጌሙን ከልክ በላይ የሚወድ፣ ሲወጣ ለማየት የተቻኮለ አድናቂ ነበር። ከወራት በኋላ ኅሊናው ስላላሳረፈው ለኩባንያው ኃላፊ ለጌብ ኒዌል ደብዳቤ ጽፎ ያደረገውን ተናዘዘ፤ በዚያ ኩባንያ ሥራ እንዲሰጠውም ተመኘ። ኩባንያው ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚጠራው መስሎ ወደ አሜሪካ ሊያስመጣውና ሊያስይዘው ሲሞክር፣ የጀርመን ፖሊስ ቀድሞ በቤቱ ያዘው፤ በኋላም የሁለት ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደበት። ጌሙ ከታሰበበት ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ በኅዳር 1997 ዓ.ም. ወጣና እጅግ ተደነቀ። የመዘግየቱ ምክንያት ስርቆቱ ብቻ እንዳልነበረ የታወቀ ነው፤ የተሰረቀው ኮድ ራሱ ሥራው ከተነገረው ቀን በጣም ርቆ እንደ ነበር ገልጧል። ነገር ግን ድካማቸው ገና በጨለማ ሳለ በዓለም ፊት የተዘረገፈባቸው ሰዎች በዚያ ዓመት በምን ልብ ወደ ሥራ ገበታቸው ተመልሰው እንደ ተቀመጡ ማሰብ አያዳግትም። ፍቅር ሲቸኩል እንደ ጥላቻ ያቆስላል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቍስሉን ይችሉታል እንበል። ትንሹ ግን? በእኛ አገር የጌም ሥራ ገና በእግሩ የሚውተረተር ሕፃን ነው፤ በቅኔ ስም የተሰየመው «ቅኔ ጌምስ»፣ ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮን ታሪክ የያዘውን «ኩኩሉ»ንና የአባቶቻችንን «ገበጣ» በስልክ ላይ ማምጣቱ ብቻውን ትልቅ ተስፋ ሆኖ ታይቷል። በዚሁ በእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ የሶፍትዌር ተማሪ ደግሞ፣ ሌሊት ሌሊት ከቤተሰቡ ጋር በሚጋራት አንዲት ክፍል ውስጥ እየሠራ፣ ከኮዬ ተነሥቶ በቱሉ ዲምቱ በኩል ቃሊቲ የሚደርስ የሚኒባስ ታክሲ ጌም ጀምሮ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ገና ፊት አልነበራቸውም፤ ራሳቸው ክብ፣ አካላቸው ሣጥን ነበር። የረዳቱን ድምፅ የሚሰጥ ሰው ስላላገኘ፣ ለጊዜው የዘጠኝ ዓመት እኅቱን በስልኩ ቀርጾ፣ «ቃሊቲ! ቃሊቲ! አንድ ሰው!» አሰኝቷት ነበር። ይህን ጅምር እንዲሞክርለት ለአንድ ወዳጁ ሰጠው፤ ወዳጁም ክፋት ሳያስብ፣ ምናልባትም በባልንጀራው ኮርቶ፣ በቴሌግራም ለብዙዎች ለቀቀው።

ጌሙ በብዙ ስልክ ላይ እየቆመ አስቸገረ፤ የሠራው ልጅ ስም አብሮ ስለ ወጣ፣ ስድቡ ሁሉ በስሙ መጣ። ከሁሉ ይልቅ የሳቁት በድምፁ ነበር። ያች ሕፃን የወንድሟን ስልክ ከፍታ ሰዎች በድምፅዋ የተናገሩትን ስታነብ እናቷ ደርሰው እንደ ነጠቋት እርሳቸው ራሳቸው በደረጃው ላይ ቆመው ነገሩኝ፤ «ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ እንኳ መዝሙር ዘምሪ ስንላት እምቢ አለች» አሉኝ። ልጁ ለወራት ኮምፒውተሩን አልከፈተም። ከዚህ ጉዳት ውስጥ በገንዘብ ሊተመን የሚችል ምን አለ? ጌሙ በነፃ የሚለቀቅ ነበርና የቀረበት ሽያጭ የለም፤ ሆኖም በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተሰብሯል።

ሾልኮ መውጣት በብዙ ሰው ላይ ምን ፍዳ እንደሚያመጣ አገራችን የተማረችው በፈተና ነው። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በተጀመረበት ዕለት፣ የእንግሊዝኛው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ ተሠራጭቶ በመገኘቱ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ፤ ሊፈተኑ የተዘጋጁት ተማሪዎች ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ያወጡት ሰዎች በዚያ ዓመት በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ ምክንያት ተማሪዎች ለወራት ከትምህርት ገበታ መራቃቸውን፣ ጊዜ ይሰጣቸው ተብሎ የቀረበውም ልመና ተቀባይነት ማጣቱን አመለከቱ። የዚያን አቤቱታ ክብደት አልክድም፤ የተበደለ ሰው የሚሰማው ሲያጣ በር መስበሩ የማይገባኝ ሰው አይደለሁም፤ በዚህም ምክንያት ይህን አድራጎት ከታዋቂነት ጥማት ከሚደረገው ጋር በአንድ መዝገብ አልጽፈውም። ነገር ግን ሸክሙ የወደቀው ከገጠር ወርዶ በከተማ ቤት ተከራይቶ ሲያጠና በከረመው ልጅ ላይም ነው፤ ስንቁን ጨርሶ፣ ያጠናውን ይዞ፣ ሌላ ቀጠሮ ይጠብቅ ዘንድ ተመለሰ። በኋላም ይኸው ስጋት እያደገ ሄዶ፣ ያ ጌም ሾልኮ በወጣበት በዚያው መስከረም ወር መጨረሻ በ2015 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ አድረው እንዲፈተኑ ሆነ። አንድ ሰው ምስጢር ባወጣ ቁጥር በምስጢሩ ዙሪያ የሚገነባው አጥር ይረዝማል፤ በአጥሩ በር ላይ የሚፈተሸውም ምንም ያላጠፋው ነው። በጌም ሠሪዎቹም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው፤ ባልንጀራ ባልንጀራውን ይጠረጥራል፣ ጀማሪው ሠራተኛ የሠራውን ለእናቱ እንኳ ማሳየት ይከለከላል።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ከልማዳችን ቀድሞ የሄደ መሆኑ ደስ ያሰኘኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሥራዎች መካከል ቆጥሮ፣ በአንቀጽ 8 ለሥራ አመንጪው ከሚሰጣቸው የሞራል መብቶች መካከል ሥራውን የማሳተም መብትን አስቀምጧል። የሞራል መብት መባሉን ልብ ይሏል፤ ከሽያጭ መብት ተለይቶ የቆመ ነው። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይቀጣል። ይህን ሁሉ ያነሣሁት የዚያን ተማሪ ወዳጅ ወደ ፍርድ ቤት እንውሰደው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌና በይቅርታ ያልቃል፤ አልቋልም። ነገር ግን «ምን ወሰድኩበት?» ለሚል ሰው፣ ምን እንደ ወሰደ የሚነግረው ሕግ በራሱ ቋንቋ ተጽፎለታል።

ኩባንያዎቹንም ያለ ወቀሳ አላልፋቸውም። የኦክስፎርዱ ልጅ በተፈረደበት በዚያው ሳምንት፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.፣ «ኢንሶምኒያክ» ከተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ የተሰረቁ ከ1.3 ሚሊዮን የሚበልጡ ፋይሎች ወጡ፤ ሌቦቹ 50 ቢትኮይን ጠይቀው ስላልተሰጣቸው ነበር። በፋይሎቹ መካከል «ዎልቨሪን» የተባለው ያላለቀ ጌም ይገኝ ነበርና የዓለም ዓይን ሁሉ ወደ እርሱ ሮጠ፤ የሠራተኞቹ የፓስፖርት ቅጂና የግል መዝገብ አብሮ መውጣቱን ያስተዋለ ጥቂት ነው። ያን ፋይል በጉጉት የከፈተ ሰው፣ ጌም አየሁ ሲል፣ የአንድ ሠራተኛን ስምና የልደት ቀን ረግጦ አልፏል። የሠራተኛን ገመና ከንግድ ምስጢር እኩል በጥንቃቄ መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ በደል ሲፈጸም ደግሞ፣ ሠራተኛ ከዐቅሙ በላይ ሲሠራ ወይም ደመወዙ ሲቀማ፣ ያን ገልጦ ለሕዝብ የሚያወጣ ሰው ከሌባው ጋር ሊቆጠር አይገባም። የተሸሸገ ግፍና በመሠራት ላይ ያለ ሥራ ሁለቱም በጨለማ ይኖራሉ፤ አንዱን ብርሃን ይፈውሰዋል፣ ሌላውን ግን ያለ ጊዜው የመጣ ብርሃን ያጠወልገዋል፤ በአፈር ውስጥ ያለ ዘር በቅሎ እንደ ሆነ ለማየት በየቀኑ የሚቆፍረው ልጅ እንደሚያደርገው።

ባለፈው ሳምንት ያ ተማሪ በራችንን አንኳኳ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ለሌላ ሰው ግን አላሳየሁም» አለኝ። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበርና አስቀመጥነው፤ መነጽሬን አድርጌ ከኮዬ ተነሣሁ፣ ቱሉ ዲምቱን አለፍሁ፣ ቃሊቲም ደረስሁ፤ ጌሙ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። ረዳቱ በየፌርማታው ይጣራል። ተሳፋሪዎቹ አሁን ምን ዓይነት ፊት እንዳላቸው፣ የረዳቱም ድምፅ የማን እንደሆነ፣ ልጁ ጨርሻለሁ ብሎ እስኪያወጣው ድረስ እዚህ አልጽፍም።